ሰባት ጊዜ አሜን

አባቴ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዳዊት ሲደግሙ የሚደርስባቸው ሰው በስማዳ አልነበረም። ይህን የምለው ላሞግሳቸው ብዬ አይደለም። ጎህ ሲቀድ የጀመሩትን ረፋድ ላይ ጨርሰው፣ መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ ከተው፣ ሞፈር ቀንበራቸውን ተሸክመው ሲወጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። ቃሉ ከአፋቸው የሚወርደው ከተቀደደ ስልቻ እንደሚፈስ ገብስ ነበር። አንዱ መዝሙር የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እርሳቸውም ማወቃቸውን እጠራጠራለሁ። የአጥቢያው ሰው ግን ይኮራባቸው ነበር። ወገዳ ገበያ ያገኘውን እንግዳ ሁሉ «የእኛ ቄስ መቶ ሃምሳውን ከቁርስ በፊት ይወጣዋል» ይለው ነበር።

ግዕዝ አያውቁም ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ቃል ላይ አስቁማችሁ «አባ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ብትሏቸው አሳምረው ይነግሯችኋል። የሚያስቆማቸው ጠፋ እንጂ። ሰው የሚፈልገው እንዲደግሙለት ነው፤ ለታመመ፣ ለመንገደኛ፣ ለሞተ። ለሌባም ይደገማል። የሌባ መዝሙር መቶ ስምንተኛው ነው። ንብረት የጠፋበት ሰው ሰባት ቀን ያስደግማል፤ ሌባው ወይ የወሰደውን ይመልሳል፣ ወይ ይቀሠፋል።

ስለ አንድ ሌባ ነው የምጽፈው። ሌባው ወንድሜ ተሻገር ነበር። የሰረቀውን የበላሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ዓለሚቱ።

ነገሩ እንዲገባችሁ የራሴን ጥፋት ላስቀድም። አባቴ በልጅነቴ አበጀ ለሚባል ዲያቆን ዳሩኝ። ዲያቆን የሚያገባው አንዴ ነው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወይ ብቻውን ይኖራል፣ ወይ ሌላ አግብቶ ክህነቱን ያጣል። ይህን እያወቅሁ ጥዬው ሄድሁ። ይመታኝ ነበር ብዬ እንድታዝኑልኝ አልፈልግም፤ አልመታኝም። አልወደድሁትም፣ እርሱም አልወደደኝም፣ ሦስት ዓመት ሁለት ድንጋይ ሆነን ተቀመጥን። ከዚያ ጣሰው የሚባል የታች ጋይንት ገበሬ አገኘሁና ተከትየው ሄድሁ። አበጀ ሌላ አገባ፣ ክህነቱም ቀረ። አባቴ ይህን በሰሙ ቀን ከቅዳሴ ወጥተው በሕዝብ ፊት «የሰው ክህነት ያፈረሰች ልጅ የለኝም» አሉ። ሦስት ዓመት ደጃቸውን አልረገጥሁም።

ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክፉ ዓመት ነበር። ያለፈውን መኸር ውርጭ በላው፣ በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ግንቦት ላይ በጎተራችን ጓያ እንኳ አልቆ ነበር። ጣሰው ለአረም ሥራ ወደ ሰቲት ሁመራ ወረደ፤ እኔ ከአራት ወሯ ልጄ ከንግስት ጋር ቀረሁ። ጡቴ ነጠፈ። ሕፃን ሲርበው መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ዝም ይላል። ንግስት ዝም ማለት ጀምራ ነበር።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው አርብ ተሻገር ገብስ የጫነች አህያ እየነዳ ደጄ ቆመ። ዕድሜው ሃያ ይሆናል፣ ቀጭን፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነበር።

«ከየት አመጣኸው?» አልሁት።

«አባባ ናቸው የላኩልሽ» አለኝ። ጆሮው ቀላ። ከደስታ መሰለኝ።

ፊቴን ወደ ስማዳ መልሼ መሬት ሳምሁ። «አባቴ» ካልሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበርና ያን ዕለት እስኪበቃኝ አልሁት። ቀን ይውጣልዎ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ክህነትዎን ይባርክልዎ እያልሁ ገብሱን ቆላሁ። ጡቴ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፣ ንግስትም እንደገና መጮኽ ጀመረች። ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም።

ሁለት ሳምንት አልፎ ተሻገር ተመለሰ። አሁን አህያም ጭነትም የለውም። በሰኔ ፀሐይ ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። «ደክሞኝ ነው» ብሎ መደቡ ላይ ተኛ፣ አልተነሣም። በማግስቱ ለራሱ የሚታሰርለት ቅጠል ልፈልግ አርብ ገበያ ወጣሁ። እዚያ የአገሬ ልጅ ማሚቴን አገኘኋት፤ ከስማዳ ጨው ልትሸጥ መጥታ ነው። ሳትስመኝ ጀመረች።

«ጉዱን ሰምተሻል? ወይኖ ተሰረቀኮ!»

ወይኖ አባቴ የሚያርሱበት በሬ ነው። ያለ እርሱ ጥማዱ ቦራ ብቻውን ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

«መቼ?» አልሁ።

«ሰኔ መባቻ ላይ፣ ሐሙስ ከመስክ ነዱት። አባትሽም ዝም አላሉ፤ ሰባት ቀን መቶ ስምንተኛውን ደገሙበት። ንጋት ንጋት ቤተሰቡን አቁመው፣ አሜን እያስባሉ። እንግዲህ ያ የሰረቀው ሰው ዓመት አይደርስም!»

ማሚቴ ይህን ያለችው ደስ ብሏት ነው። አልፈርድባትም፤ እኔም በሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ቅጠሉን ሳልገዛ ተመለስሁ። ሐሙስ በሬው ከመስክ ጠፋ፣ አርብ ገበያ ዋለ፣ አርብ ማታውን እኔ ገብስ ቆላሁ። ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልገውም።

ተሻገር ገና ፊቴን ሲያይ አወቀ።

«አባባን ለምኛቸው ነበር እታለም» አለኝ። «አንዴ አይደለም። እንደ ራበሽ ነገርኋቸው። ስምሽን ስጠራ መስቀላቸውን አንሥተው ወጡ።»

«ከሸጥኸው በኋላ ለምን ወደ ቤት ተመለስህ?»

«ብጠፋ ያውቁብኛል ብዬ።»

«ሲረግሙስ የት ነበርህ?»

«ከእማዬ ቀጥሎ።»

«አሜን ብለሃል?»

ዓይኑን ጨፈነ። «ዝም ብል ይጠረጥሩኝ ነበር። ሰባቱንም ቀን አልሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልሁት።» ጋቢውን ሳብ አድርጎ «አሁን መጣብኝ» አለ።

ተስቦ ነው፣ አገሩ ሁሉ ታሟል፣ ሳይረገም የታመመ ስንት ሰው አለ ብዬ ጮኽሁበት። የጮኽሁት እኔም ስላላመንሁት ነው። የራሱን ሞት ቆሞ ሰባት ጊዜ አሜን ያለ ሰው እንዴት ይድናል? ያን የመሰለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም። ለእኔ ሲል ሌባ የሆነው ወንድሜ ሊሞት ነው፣ ገዳዩ አባቴ ናቸው፣ ገብሱ ደግሞ አሁንም በቤቴ አለ፤ ገና አላለቀም።

ቅዳሜ ማለዳ ጎረቤቴን ካሣነሽን «ለበሽተኛው ውሃ ስጪልኝ» ብዬ ንግስትን አዘልሁ። ገደሉን ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ዳገቱን በእጄም በእግሬም ወጥቼ ከቀትር በኋላ ስማዳ ደረስሁ። አባቴ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸውን አዞሩ።

«ሌባውን አግኝቼዋለሁ» አልሁ።

ዞሩ። «ማነው?» አሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያሉኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ እንዴት ነሽ አይደለም፣ ያዘልሽው ምንድን ነው አይደለም።

«መጀመሪያ የደገሙትን ይመልሱ።»

«የተደገመ አይመለስም።»

«እንግዲያው ልጅዎን ገድለውታል» አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ንግስት፣ ስለ ገብሱ፣ «አባባ ናቸው የላኩልሽ» ስላለኝ፣ ስለ ትኩሳቱ። ቀስ ብዬ ልነግራቸው መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጥቼ ነበር፤ አልቻልሁም፣ እንደ ድንጋይ ወረወርሁባቸው።

አባቴ ቁልቁል አዩ። እጃቸው አፈሩን ይጭር ነበር።

«አሜን ሲል ሰምቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የእርሱ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ልጄ ስለ ቤቱ ተቆረቆረ ብዬ ደስ አለኝ።»

ከዚያ ተነሥተው ቅጽሩ ጥግ ወዳለው ጎጆ ወደ የኔታ አድማሱ ሮጡ። የኔታ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ አባቴንም ፊደል ያስቆጠሩ እርሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። አባቴ የኔታ ጉልበት ላይ ወድቀው ነገሩን በአጭሩ ተናገሩ፣ ወዲያውም ወደሚያውቁት መንገድ ገቡ።

«ምን ልድገም የኔታ? ሃምሳኛውን መቶ ጊዜ ልድገምለት? ሺህ ጊዜ? ስንት ቢደገም ይፈርሳል?»

«አንድ ጊዜ» አሉ የኔታ።

«አንድ ጊዜ ብቻ?»

«አንድ ጊዜ ጸልየው። እስከ ዛሬ አንድ ጊዜም አልጸለይኸውም። ወልደ ሩፋኤል፣ አንተን ከማስተማሬ በፊት እጄ በተቆረጠ እላለሁ፤ በየማለዳው እሰማሃለሁኮ። ዳዊት የሚያለቅሰውን ትሮጥበታለህ፣ የሚያመሰግነውን ትሮጥበታለህ። ሰባት ቀን የረገምኸውም እየሮጥህ ነው። መቶ ስምንተኛው የተበደለ ሰው ጩኸት ነው። ጅራፉን ለእግዚአብሔር አስረክቦ እጁን ባዶ የሚያደርግ ሰው ጸሎት ነው። አንተ ጅራፉን ነጥቀህ ወጣህ።»

አባቴ ግንባራቸውን መሬት ላይ አድርገው ቀሩ።

«ምን ላድርግ?»

«ልጁ ዘንድ ሂድ። አንድ ቃል በል፣ ቁም። ይህን የሚለው ማነው በል። ለማን ነው የሚለው በል። እኔስ በዚህ ቃል ውስጥ የቱ ነኝ ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በራስህ አፍ ለእግዚአብሔር መልስለት። የሚቀጥለውን ቃል ያኛው ሲለቅህ ትይዛለህ።»

«ልጁስ ይድናል?»

«አላውቅም» አሉ የኔታ። እንደዚያ ቀን አንድ ውሸት ለምኜ አላውቅም፤ አልዋሹም።

እናቴ አሰለፈች ነገሩን ስትሰማ አላለቀሰችም። ለአባቴ ስንቅ ቋጥራ ሰጠቻቸውና «ልጄን ሳይዙ እንዳይመጡ» አለች። ዕለቱን ተነሣን፤ መንገድ ላይ አድረን እሑድ ረፋድ ቤቴ ደረስን። አባቴ እሑድን ያለ ቅዳሴ ሲያልፉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደጄ ላይ ትንሽ ቆሙ። ማለፍ ያለባቸው ጉበን ሦስት ዓመት አላልፍም ያሉት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ዝቅ ብለው ገቡ።

ተሻገር ሲያያቸው ሊነሣ ሞከረ። «ይፍቱኝ አባባ» አለ። ፈቱት፣ መስቀሉን አሳለሙት። እርሱ ግን መፈታቱን ያመነ አይመስልም ነበር፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዳዊት በሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው። አባቴ በማግስቱ የሰኞውን ከፍተው አጠገቡ ተቀመጡ። ከለመደው አፋቸው ጋር ሲታገሉ ማየት ያሳዝን ነበር። ሁለት መዝሙር እንዳለፉ ምላሳቸው መሮጥ ትጀምራለች፤ ራሳቸውን ይይዙና ወደ ኋላ ይመለሳሉ። አሥራ ሁለተኛው ላይ «እስከ ማእዜኑ» ብለው ቆሙ። እስከ መቼ ማለት ነው።

«እስከ መቼ?» አሉ ደግመው፣ በአማርኛ። «እስከ መቼ ነው ጌታዬ? ልጄ ከተኛ አምስተኛ ቀኑ ነው። ውሃ አልያዝለት ብሎታል። እስከ መቼ ትረሳዋለህ?»

ጎመን እየቀነጠስሁ ነበር፤ እጄ ቆመ። አባቴ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ለሰው እንደሚናገረው ነበር። ያን ቀን ሌላ መዝሙር አልነኩም። ጠዋት «እስከ መቼ» እንዳሉ ማታ እዚያው ነበሩ።

ማክሰኞ ሃምሳኛውን፣ የንስሐውን ያዙ። «ኃጢአቴ ሁልጊዜ በፊቴ ናት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ተሻገርን አይተው መጽሐፉን ከደኑና ወጡ። ከጓሮ ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር። ተመልሰው ከዚያው ከከደኑበት ቀጠሉ። ረቡዕ «ውሃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛል» የሚለውን መዝሙር ያዙ፤ ተሻገር ያን ቀን መቃዠት ጀመረ። የሚቃዠው አንድ ቃል ብቻ ነው። አሜን ይላል። እየቆየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አሜን። አባቴ ይህን በሰሙ ቁጥር በጥፊ እንደተመታ ሰው ይሆኑ ነበር።

የሐሙስን መምጣት ሁለታችንም ስንፈራ ከረምን። መቶ ስምንተኛው የሐሙስ ነው።

ሐሙስ ሲነጋ ተሻገር እኔንም አባቴንም መለየት አቁሟል። ካሣነሽ መጥታ እግሩን ዳስሳ ወጣች፤ ወጥታም ለቀብር የሚጠሩ ሰዎችን ማሰቧን ከአረማመዷ አወቅሁት። አባቴ መጽሐፉን ከፍተው ከሰማንያ ሰባተኛው ጀመሩ። ቃል በቃል እየተናገሩ፣ እየመለሱ፣ መጨረሻው ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ይህ መዝሙር ጨለማ ላይ ነው የሚያልቀው» አሉኝ። «ሌላው ሁሉ ከማለቁ በፊት ትንሽ ያጽናናል። ይህ አያጽናናም። ወዳጆቼን አራቅህብኝ፣ ጨለማ ነው ይላል፣ ያበቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስደግመው አላየሁም፤ የሚቀጥለውን ለመያዝ ስሮጥ።»

«ታዲያ ምን ይጠቅማል?» አልኋቸው ተናድጄ።

«እንዲህ ብሎ መጸለይ ይቻላል ማለት ነው ዓለሚቱ። ምንም ተስፋ ሳይኖር። እኔ አሁን ተስፋ የለኝም። የለኝም እያልሁ ግን ለእርሱ ነው የምናገረው።»

ይህን የሚሉት ፊታቸው እንደ ትቢያ ሆኖ ነው፤ የተጽናና ሰው ፊት አልነበረም። ያም ሆኖ ጎጆዬ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ ያህል ነበር የሚናገሩት። እኔ ቤተ ክርስቲያን ተወልጄ ያደግሁ የቄስ ልጅ፣ ጸሎት ማለት ይህ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ቀትር ገደማ መቶ ስምንተኛውን ገለጡ። 

«ዘመኑ ይጠር» አሉ፣ ቆሙ። ተሻገርን አዩት። «ሹመቱን ሌላ ይውሰድ።» ቆሙ። ግንባራቸው ተኮሳተረ።

«ተሻገር ምን ሹመት አለው?» አሉ።

ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።

«ልጆቹ ድኃ አደግ ይሁኑ። ሚስቱ ባል አልባ ትሁን። ተሻገር ልጅ የለው፣ ሚስት የለው።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ወደ ታች ወረዱ። አሁን የሚያነቡት ለእኔ አልነበረም፣ ለተሻገርም አልነበረም። «ምሕረት ለማድረግ አላሰበም፤ ድኃውን አሳደደ።» ቀና ብለው ያዩት ደጄን ነው፣ ቀጥሎ ንግስትን። «እርግማንን ወደደ፣ መጣችለት። እንደ ልብስ ለበሳት።»

ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አነሡ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተለየ ነበር፣ ቀለል ያለ።

«ሰባት ቀን ሙሉ ራሴን ነው የረገምሁት» አሉ። «ይህ ለልጁ ይሰፋዋል፤ የእኔ ልክ ነው። ጌታዬ፣ እርግማኑን የላክሁበትን ቤት ስቻለሁ። የላክሁትን ከልጁ ላይ አንሣና ለእኔ መልስልኝ። ለባለቤቱ ስጠው።»

«አባባ ተዉ!» አልሁ። «የኔታ እጅህን ባዶ አድርግ ነው ያሉዎት፤ ጅራፉን ገና ይዘውታልኮ!»

«ከልጄ ላይ አነሣሁት። ከዚያ በላይ አልችልም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ቤተሰቡ አሜን ማለት አለበት። እናትሽ የለችም፣ ይህ ልጅ አይሰማም። አሜን በይ።»

«አልልም።»

«ዓለሚቱ፣ ልጄ ነሽ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርሁትን ቃል ለዚህ ሲጠቀሙበት ያመኝ ሕመም እስከ ዛሬ አለ። «አልልም» አልኋቸው። አልለመኑኝም። ወደ መጽሐፉ ተመለሱና ቀስ እያሉ እስከ መጨረሻው ወረዱ። የመጨረሻው ቃል ላይ «እስመ ቆመ በየማነ ነዳይ» ብለው መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«በድኃው ቀኝ ቆሟልና ማለት ነው» አሉ። «እዚህ ጋ ነውኮ የሚያልቀው። ስትራቢ በቀኝሽ ማን ቆመ?»

«ተሻገር።»

«እኔ ደግሞ በቀኝሽ የቆመውን ረገምሁ።» ከተቀመጡበት ወርደው ጉልበቴን ያዙ። አባቴ፣ ቄሱ። «ይቅር በይኝ።»

ይፍታ ማለት የካህን ነው፣ የእኔ አፍ አይደለም። ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አልኋቸው።

አርብ ማለዳ ተሻገር አላበው። ልብሱ እስኪረጥብ አላበውና ውሃ ጠየቀ። ጠጣ፣ ያዘለት። አባቴ ተንበርክከው አለቀሱ፤ እኔ ግን ማልቀስ አቃተኝ፣ ዓይኔ እርሳቸው ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ጤነኛ ነበሩ። ከቤቴ አልሄዱም፤ ንግስትን አቅፈው ይውሉ ነበር። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ካህን ሆነው ሁለቴ ቀደሱ። ሰው አልወደዳቸውም፣ ይዘገያሉ ተባለ። «አቤቱ ማረን» የሚለው ጋ ሲደርሱ አቅቷቸው ሲቆሙ፣ አብሯቸው የሚቀድሰው ቄስ በክርኑ ጎሰማቸው። በስማዳ በፍጥነታቸው የተመሰገኑት አባቴ በጋይንት በዝግመታቸው ተወቀሱ። ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ገና በር ላይ ሳሉ አወቅሁ።

ሦስት ሳምንት ገደማ ታመሙ። የፍልሰታ ጾም ሲገባ ድምፃቸው ጠፋ። ተሻገር እግሩ ገና እየተብረከረከ አጠገባቸው ተቀምጦ ዳዊት ያነብላቸዋል፤ እርሳቸው በጣታቸው ቀስ፣ ቀስ ይሉታል። በመጨረሻው ቀን ተሻገር ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ብቻችንን ነበርን። ዓይናቸው ይንከራተት ነበር፣ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። እኔ ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም። የማውቀው ከአፋቸው የሰማሁትን ብቻ ነው። ጆሮአቸው ላይ ጎንበስ ብዬ «እስመ ቆመ በየማነ ነዳይ» አልሁ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም፣ ግን አሜን ነው ያሉት፤ የአሜንን ቅርጽ በዚያ ክረምት በደንብ አውቄዋለሁ።

የቀበርናቸው እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ተሻገር ብቻውን ገደሉን ተሻግሮ ወደ እናታችን ሄደ። መስቀል ካለፈ በኋላ ከእስቴ ቄስ ታፈረ የሚባሉ መጥተው በአባቴ ቦታ ተተኩ። ዘመናቸው አጠረ፣ ሹመታቸውን ሌላ ወሰደ፣ እናቴ ባል አልባ፣ እኛ አባት አልባ ሆንን። ንፋስ መውጫ ያለ አንድ ሐኪም በሽታው በቅማል እንደሚተላለፍ፣ ሕመምተኛ ያቀፈ ሁሉ እንደሚያዝ በኋላ ነግሮኛል። አመንሁት። ተሻገር ግን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ።

ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። ጣሰው ከሁመራ ተመልሷል፣ ንግስት አድጋለች። ፊደል ያስቆጠረኝ ተሻገር ነው። እርሱም ዳዊት ይደግማል፤ ሰው ግን አያስደግመውም፣ አንዱን መዝሙር ይዞ ስለሚውል። እንዲረግምለት የመጣ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ቃል አብሮት እንዲቆይ ያስገድደዋል፤ አብዛኛው ተሰላችቶ ይሄዳል።

እኔም ሐሙስ ሐሙስ መቶ ስምንተኛውን አነባለሁ። ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱ ቃል ላይ ቆሜ። የመጨረሻውን ስደርስበት አሜን እላለሁ። አባቴ አሜን በይ ያሉኝን ግን እስከ ዛሬ አላልሁም፣ ወደፊትም አልልም። እግዚአብሔርም ይህን ያውቃል፤ በየሐሙሱ እነግረዋለሁ።